ሶሪያሲስ ያለብሽ እህቴ፣ ተረከዝሽንና ጥፍርሽን ለአንድ ሐኪም አሳዪ

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለሽው እህቴ፣ «ሶሪያሲስ ከያዘኝ ዓመታት ሆነው፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ተረከዜን ያመኛል፤ ጎረቤቴ መገጣጠሚያ ውስጥ መግባቱ አይቀርም አለችኝ፣ እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጎረቤትሽን ተያት። ሶሪያሲስ፣ ማለትም ቆዳን እያቀላ የሚያቀርፈው የቆየ በሽታ፣ ካለባቸው 100 ሰዎች መገጣጠሚያቸው የሚያዘው ቢበዛ 30 ገደማ ናቸው። ተረከዝ ስትዪ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ የእኔም የጀመረው ከዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ ቆዳው ይቀድምና መገጣጠሚያው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ይከተላል፤ ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም» ብለሽ እንዳትዘናጊ።

1. መጀመሪያ ጥፍርሽን እዪ። በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ የሚመስል ጥቃቅን ጉድጓድ ካለው፣ ወይም ከሥጋው ለቆ ከተነሣ፣ ወደ መገጣጠሚያ የመሄድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ራስ ቆዳ ላይ የወጣም እንደዚያው፤ ውፍረትና በቤተሰብ መኖሩም ይጨምረዋል። የእኔን ጥፍር «ፈንገስ ነው» እያሉ ስንት ቅባት ሸጠውልኛል። ክርኔ ላይ የነበረችው ቁስል ደግሞ ሳንቲም ብታህል ነው፤ የቆዳው ማነስ አያታልልሽ።

2. ቆዳሽንም መገጣጠሚያሽንም ለአንድ ሐኪም ባንድ ጊዜ ተናገሪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንድ ጠዋት መቀሱ አውራ ጣቴን አላስገባ አለኝ። የእግሬ ሁለተኛ ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ ድፍን ብሎ አብጦ ቀልቷል፤ ከእንቅልፌ ተነሥቼ እጄ እስኪፍታታ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እዚሁ ድሬ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» አለኝ። ሶሪያሲስ አለብኝ ስለው «የቆዳ ከሆነ ሌላ ቀን በሌላ ካርድ ነይ፤ ሰው ተሰልፏል» ብሎ በሩን አሳየኝ። አቦ፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ እንዲህ ይባላል? ሪህ ያለው ዩሪክ አሲዴ፣ ደም ውስጥ በዝቶ ሪህ የሚያመጣው ነገር፣ ትንሽ ከፍ ስላለ ነው። ሶሪያሲስ ራሱ ዩሪክ አሲድ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ግን ማን ይንገረኝ! መርፌ ወጋኝ፣ እንክብል ጨመረልኝ፤ ስቴሮይድ የሚባለው እብጠትን ቶሎ የሚያበርድ መድኃኒት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ስወስደው ደህና ሆንኩ። ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ፣ ቆዳዬም ከጀርባዬ እስከ ጭኔ ገነፈለ። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ስቴሮይድ ሲያቋርጥ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ማንም ሊሰጥሽ ሲል ምን እንደሆነ ጠይቂ፤ ጀምረሽ ከሆነም ሐኪም ሳታማክሪ በድንገት አታቁሚው።

3. «ደምሽ ንጹሕ ነው» ቢሉሽ አምነሽ እንዳትመለሺ። ሶሪያሲስ መገጣጠሚያ ሲይዝ የሩማቶይድ (የሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ) የደም ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው፤ ራጁም መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። እኔ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ድረስ ሄጄ ነው አንዲት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ያገኘሁት። የእህቴ ሠርግ ሂና ገና ጥፍሬ ላይ ነበር፤ ጫፉ ቀይ፣ ከሥሩ የበቀለው ነጭ። ነጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። ከዚያ ጫማዬን አስወልቃ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት ጫን ስታደርገው ጮህኩ። የጠየቀችኝ 5 ነገር ነው፦ መገጣጠሚያሽ አብጦ ያውቃል? አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) አለብሽ ያለሽ ሐኪም አለ? ጥፍርሽ ላይ ጉድጓድ አለ? ተረከዝሽን ያምሻል? ያለ ምክንያት ሙሉ ጣትሽ አብጦ አሞሽ ያውቃል? ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱን «አዎ» ያለ ሰው የመገጣጠሚያ ሐኪም ጋ ይላካል አለችኝ። የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት በአገራችን በጣም ጥቂት ስለሆነ ሪፈር ካስፈለገሽ ቶሎ አጽፊ። 6 ወር መዘግየት እንኳ መገጣጠሚያን እንደሚጎዳ ተጠንቷል። የእኔ የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ጫፉ ተጣሞ ቀርቷል፤ ያንን ለዚያ ክሊኒክ ይቅር አልልም። ግን ይኸው ዛሬም የሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ በራሴ እጅ እጨርሳለሁ፤ ማንም አጋዥ አልቀጠርኩም።

ለዚህ በሽታ የሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት የሚባል እንክብል ካዘዙልሽ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው። በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል፤ ፋርማሲው ሌላ ነገር ቢጽፍብሽ ተመልሰሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ቀኑን ምረጪና ካላንደር ላይ አክብቢው፤ የእኔ ሰኞ ነው። አብሮት የሚታዘዘውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱን፣ እንደታዘዘልሽ ውሰጂ፣ የጉበትና የደም ምርመራውን አትዝለዪ፤ ልጅ መውለድ ካሰብሽ ደግሞ ሳይጀመር ተናገሪ።

እስክትሄጂ ድረስ ሂና አትቀቢ፣ የጥፍር ቀለምም አስለቅቂ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጊ። ካርድ ክፍል «ምንሽን ነው?» ሲሉሽ «ሶሪያሲስ አለብኝ፣ ተረከዜንም ያመኛል» በዪ፤ አንዱን ምረጪ ቢሉሽ እሺ አትበዪ።