የታሸገ እንጆሪ በመደርደሪያ ላይ ለምን ቶሎ ይሻግታል?

ጥያቄ፦ በምሠራበት የምግብ መደብር እንጆሪ፣ ራስፕቤሪና ብሉቤሪ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ማሸጊያ እናቀርባለን። ጠዋት ንጹሕ ሆኖ የተደረደረው በማግስቱ ክዳኑ ከውስጥ በላብ ረጥቦ፣ ከሥር ያሉት ፍሬዎችም ሻጋታ ይዘው እናገኛቸዋለን። ማቀዝቀዣው በደንብ ይሠራል። ጥፋቱ ከየት ነው?

መልስ፦ ማቀዝቀዣው ደህና ከሆነ፣ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ፍሬው ከመኪና ከወረደበት ሰዓት አንሥቶ መደርደሪያው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የሚያልፍበት መንገድ ነው። የጠቀሱት ላብም ወደዚያው ያመለክታል። ቀዝቅዞ የመጣ ፍሬ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሲቆይ የአየሩ እርጥበት በማሸጊያው ቀዳዳዎች ገብቶ በፍሬው ገጽ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ተመልሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሞቀው ፍሬ የሚያወጣው እንፋሎት በቀዘቀዘው ክዳን ላይ ይጠራቀማል። ግራጫ ሻጋታ የሚያመጣው ቦትራይቲስ የተባለው ፈንገስ የሚፈልገው ይህንኑ እርጥበት ነው። ፈንገሱ ብዙ ጊዜ ተክሉ ገና ሲያብብ ገብቶ ፍሬው እስኪበስል ድረስ ሳይታይ የሚቆይ ስለሆነ፣ ዓይን የማያየው ጀማሪ ሻጋታ በጤናማ መሳይ ፍሬ ውስጥ ተሸሽጎ ሊመጣ ይችላል። ቅዝቃዜ አይገድለውም፤ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ በዝግታ ያድጋል። ስለዚህ ልፋታችን ሁሉ እድገቱን ለማዘግየት ነው።

ለእነዚህ ፍሬዎች የሚስማማው ወደ 0 ዲግሪ የተጠጋ ሙቀትና ከ90 እስከ 95 በመቶ የሚደርስ የአየር እርጥበት ነው። በዚህ ሁኔታ እንጆሪ ከተለቀመ በኋላ ሳምንት ገደማ፣ ራስፕቤሪ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን፣ ብሉቤሪ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው፤ ራስፕቤሪ በገባበት ዕለት እንዲሸጥ ታስቦ በትንሽ በትንሹ መታዘዝ አለበት።

የማቀዝቀዣው ሰሌዳ የሚያሳየው የአየሩን ሙቀት እንጂ የፍሬውን አይደለም። ቀጭን ቴርሞሜትር በላይኛው ረድፍ ካለ አንድ ማሸጊያ ፍሬ ውስጥ አስገብተው ይለኩ፤ የለኩበትን ማሸጊያ ግን ለሽያጭ አይመልሱት። ከመጫኛ መስመሩ (ዕቃ እስከየት መደርደር እንደሚቻል በማቀዝቀዣው ውስጥ ከሚያሳየው ምልክት) አልፎ የተከመረና የቀዝቃዛውን አየር መውጫ የሸፈነ ዕቃ ከተገኘ፣ የላይኛው ረድፍ በመብራቱ ሙቀት ሥር ቀርቷል ማለት ነው።

ሠራተኛው ማሸጊያውን ገልብጦ ከሥር ማየት ቢለምድ ብዙ ጉዳት ይድናል። ከታች የተነጠፈው መምጠጫ ወረቀት በጭማቂ ከቀላ ከላይ ያለው ፍሬ ቢያምርም ውስጡ ተጨፍልቋል። ሻጋታ ከአንዱ ፍሬ ወደ ጎረቤቱ በንክኪ ስለሚዛመት አንድ የሻገተ ፍሬ የታየበት ማሸጊያ በሙሉ ይነሣ። ፍሬውን ማጠብ ግን የገዢው ሥራ ነው፤ መደብሩ አጥቦ ካቀረበው ሻጋታውን ራሱ ጋበዘው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬው እንዳይደርቅ የማሸጊያውን ቀዳዳዎች ብንሸፍናቸውስ?

መልስ፦ አይሸፍኗቸው። ቀዳዳዎቹ ቀዝቃዛው አየር ፍሬው ዘንድ እንዲደርስና እርጥበቱ እንዲወጣ የተሠሩ ናቸው። በረጅም ጉዞ ላይ የሚገኝ እንጆሪ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ10 እስከ 15 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ ታሽጎ ሻጋታው እንዲዘገይ ይደረጋል፤ ይህ ግን ጋዙ ተለክቶ የሚሠራ ነው። በመደብር ውስጥ በእጅ የተሸፈነ ማሸጊያ የሚይዘው ላቡን ብቻ ነው።