የጥለቱ ቀለም ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለውን ቀሚስ በአይፎን አንስቼ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ስለጥፈው ጥለቱ ይደበዝዛል፤ ያንኑ ከቻናሉ አውርጄ ኢንስታግራም ላይ ስጭነው ደግሞ ይብስበታል። ውጭ አገር የሚኖሩ አንዲት ደንበኛዬ «ቀዩ በፎቶ እንዳየሁት አይደለም» ብለው ቅር ተሰኙ። ጥፋቱ የስልኬ ይሆን?

መልስ፦ ስልክዎ አላጠፋም፤ ደንበኛዎም ያዩትን ነው የተናገሩት። የተመለከቱት ግን እርስዎ ያነሱትን ፎቶ ሳይሆን መተግበሪያው ከእሱ የሠራውን አነስተኛ ቅጂ ነው። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያሳጥራል፤ ኢንስታግራምም መጠኑን ይቀንሳል፤ ከዚያ ፋይሉ እንዲያንስ ጄፔግ በተባለው ዘዴ እንደገና ይታመቃል።

ይህ ዘዴ የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ የብርሃንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ እንደሚያይ መነሻ በማድረግ፣ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ለየብቻ ሲመዘግብ ቀለሙን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ፒክስሎች በአንድነት ይይዛል። በሰው ፊት ወይም በሰማይ ፎቶ ላይ ጉዳቱ እምብዛም አይታወቅም፤ በነጭ ሸማ ላይ የተሸመነ ቀጭን ቀይ ክር ግን ቀለሙ አጠገቡ ካለው ነጭ ጋር ስለሚቀላቀል ፈዝዞ ይታያል። ሸማኔው ብዙ የደከመበት ጥለት ከሁሉ አስቀድሞ መጎዳቱ ያሳዝናል። ከቻናሉ ያወረዱትን መልሰው ሲጭኑ ደግሞ አስቀድሞ የተጎዳው ቅጂ ዳግመኛ ይታመቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አይፎን 7 ጀምሮ አይፎኖች ዲስፕሌይ ፒ3 በተባለ ሰፊ የቀለም ክልል፣ ማለትም ይበልጥ ደማቅ ቀለሞችን በሚይዝ አሠራር፣ ያነሳሉ። ፎቶው ቀለሞቹ እንዴት መነበብ እንዳለባቸው የሚገልጽ መረጃ አብሮት ይጓዛል፤ አንዳንድ ድረ ገጾች ይህን መረጃ ቀለሙን ሳይቀይሩ ሲያስወግዱት፣ ፎቶው ጠበብ ባለው በተለመደው ክልል ስለሚነበብ ቀዩና አረንጓዴው ድምቀታቸውን ያጣሉ።

ስለዚህ ዋናውን ፎቶ በስልክዎ ያቆዩና ወደ እያንዳንዱ ገጽ ከእሱ ብቻ ይጫኑ። ከሙሉው ቀሚስ ፎቶ ጋር ጥለቱን ብቻ በቅርበት ያነሱትን ይጨምሩ፤ ክሩ ብዙ ፒክስል ሲይዝ ቀለሙ ይተርፋልና። ለመግዛት ለወሰነ ደንበኛ ዋናውን በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንዲህ ሲላክ አይታመቅም። ቀለሙን በማስተካከያ ማድመቁን ግን አልመክርዎትም፤ አንዱ ገጽ ላይ ከልብሱ ጋር የተካከለው ሌላው ላይ ከልብሱ በላይ ይደምቃል። ደንበኛዎ በምሽት የሚመለከቱ ከሆነም ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የሌሊት ብርሃን (Night Light) የተባለ የስልክ ቅንብር አጥፍተው እንዲያዩት ይንገሯቸው።