ለቱርቦህ የሚያብረቀርቀውን ብሎን ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ሳነብ ከሦስት ዓመት በፊት እኔው ራሴ የጻፍኩት መሰለኝ። ቱርቦው ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ብረት) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጭስ ያፈስሳል፣ ሁለት ብሎኖች ላልተዋል፤ መካኒክህ «ስቴንለስ አስገባበት፣ አይዝግም፣ ዕድሜ ልክህን ትገላገላለህ» ብሎሃል፤ ጎረቤትህ ደግሞ «12.9 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጥቁሩን ግዛ» ብሎሃል። የመኪናህን ዓይነት አልጻፍክም። የናፍጣ ፒክአፕ ነው ብዬ ልነሳ፤ ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ቱርቦ ብሎን የሚጨነቅ ሰው ሌላ ምን ሊነዳ ይችላል?

1. ስቴንለሱን ተወው። የውኃ ታንከር ማቆሚያና የበረንዳ መደገፊያ የሚታሰርበትን ማለቴ ነው፤ ራሱ ላይ ኤ2-70 የሚል የተጻፈበትን። እኔ አራት ብሎን ከነዳዶው በ600 ብር ገዝቼ፣ ሲያብረቀርቅ አይቼ ደስ ብሎኝ አስገጠምኩ። ፎቶም አንስቼው ነበር።

የእኔ ሃይሉክስ ከድሬ ሲሚንቶ ጭና ወደ ሐረማያ ትወጣለች፤ ስትመለስ ድንችና ጎመን ይዛ ትወርዳለች። የደንገጎን ዳገት ታውቀዋለህ። ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስተህ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣለህ፤ ቱርቦው ያን ሁሉ መንገድ ሲንተከተክ ይቆያል፤ በመልሱ ደግሞ ነዳጅ ሳትረግጥ ስለምትወርድ ይበርዳል። ብሎኑ በቀን ሁለት ጊዜ እሳት ገብቶ ይወጣል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው «የእኔ አምስት ዓመት ቆየ» ሲልህ ይህን አስብ።

በሁለተኛው ሳምንት ፉጨት ጀመረች። መካኒኩ ዳዶውን አጠበቀው። ከአሥር ቀን በኋላ ፉጨቱ ተመለሰ፤ ጉልበቷ ወረደ፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ተከተለን። ጭሱ ወደ ቱርቦው ከመግባቱ በፊት ካመለጠ ቱርቦውን የሚያዞረው ግፊት አብሮ ያመልጣል፤ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ሲያንስ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። በሦስተኛው ጊዜ ለማጥበቅ ሲሞከር አንደኛው ዳዶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ሲታሽ እንደዚህ ነው፤ ዝገት ሳይኖረው ጥርስ ከጥርስ ተነካክሶ ይጣበቃል። የመካኒኩ ረዳት ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው፤ ብሎኑም ከሥሩ ተሰበረ። ልጁ ስብርባሪውን በመሰርሰሪያ ለማውጣት ሲሞክር ጫፉ አዘንብሎ የማኒፎልዱን ጆሮ በላው። ያገለገለ ማኒፎልድ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የእጅ ዋጋ፣ መኪናዋ የቆመችበት ዘጠኝ ቀን ሲደመር ወደ 41,000 ብር ከኪሴ ወጣ። በ600 ብር ብሎን ምክንያት።

2. ጥርሱን ለካ። ይህን የምጽፈው ከንዴት ጋር ነው። አዲስ ብሎን ፍለጋ ከሄድኩባቸው ሱቆች አንዱ ውስጥ የተሰበረውን ይዤ ገብቼ «ጥርሱ ስንት ነው? ራሱ ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለ ሱቁ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «ለአራት ብሎን ይህን ሁሉ ጥያቄ? መኪና ልትፈበርክ ነው እንዴ?» አለኝ። ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም አፍሬ የሰጠኝን ይዤ ወጣሁ። የሱቁን ስም አልጽፍም። የሰጠኝ ውፍረቱ ትክክል ነበር፣ ኤም 10፤ ጥርሱ ግን ባለ 1.5 ነበር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 1.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ መኪናዋ የምትፈልገው ባለ 1.25 ነው። ሁለት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፤ ሰው «ያዘ» ብሎ በጉልበት ይገፋዋል፤ የቀዳዳው ጥርስ ይበላል።

መለኪያ የለኝም እንዳትል። አሮጌውንና አዲሱን ብሎን ጎን ለጎን አድርገህ ጥርሳቸውን አነካክስ፤ ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት፤ በመካከላቸው ብርሃን ካየህ አንድ አይደሉም። ወይም በማስመሪያ አሥር ጥርስ ቁጠር፤ ባለ 1.25ቱ 12.5 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 1.5ቱ 15 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ሱቁ ፊት ለፊት ቆመህ አድርገው። ይሳቁ።

3. አሁን ወደ ጥቁሩ 12.9 ልምጣ፤ ሦስተኛ ብዬ የጀመርኩት ግን ስለ አንድ አዛውንት መሆኑ አይቀርም። ስብርባሪው የቀረበትን ማኒፎልድ ይዤ ወደ እሳቸው የሄድኩት ሰው ጠቁሞኝ ነው። በወጣትነታቸው በድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ የሠሩ ናቸው፤ አሁን በቤታቸው ግቢ አንድ ማሽንና አንድ የብየዳ ዕቃ ብቻ አላቸው። ዋጋ አልተከራከሩም፣ አልቸኮሉም። ከቀሩት ብሎኖች አንዱ ጉቶው ትንሽ ብቅ ብሎ ነበር። በላዩ ዳዶ አስቀምጠው ውስጡን በብየዳ ሞሉት። ቀዩ ፍም እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ከኪሳቸው የሻማ ቁራጭ አውጥተው ሥሩን ነኩት፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ውስጥ ተመጠጠ። ቁልፉን በሁለት ጣት ይዘው ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያደረጉ አወጡት። የእኔ ጋራዥ ግማሽ ቀን የታገለውን ማለት ነው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ብሎን ማለት ሞላ ነው። ስታጠብቀው ይለጠጣል፤ ልመለስ ሲል ነው ሁለቱን ብረት አንቆ የሚይዘው። ይህ የሚያብረቀርቀው ሲሞቅ ከብረቱ በላይ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ምኑን ያንቃል?»

ቤት ገብቼ ከልጄ ጋር ሒሳቡን ሠራነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ተራው ስቴንለስ በአንድ ዲግሪ ሙቀት በሜትር ወደ 17 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ይረዝማል፤ ማኒፎልዱ የተሠራበት ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ግን 11 ገደማ ነው። አራት ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 500 ዲግሪ ሙቀት ብለን ስናሰላ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አለፈ። በደንብ የጠበቀ የዚያ ርዝመት ብሎን የሚለጠጠውም ያንኑ ያህል ነው። የጠበቀው ሁሉ ዳገቱ ላይ ሟሟ ማለት ነው። እኔ መካኒኩን «በደንብ አላጠበቅህም» ብዬ ስጮኽበት ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ጥቁሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 8.8፣ 10.9፣ 12.9 የሚሉት ቁጥሮች ብሎኑ ሲቀዘቅዝ ያለውን ጥንካሬ ነው የሚናገሩት። 10.9 ማለት በካሬ ሚሊ ሜትር 1,000 ኒውተን ሲደርስ ይበጠሳል፣ ከዚያ 90 በመቶው ላይ ሲደርስ ተለጥጦ መመለስ ያቆማል ማለት ነው። ይህን ጥንካሬ ያገኘው ግሎ፣ ተነክሮ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ስለሆነ መልሰህ ስታግለው እየለሰለሰ ይሄዳል። የእነዚህ ብሎኖች ዓለም አቀፍ መስፈርት ራሱ የሚያወራው እስከ 150 ዲግሪ ስላለው አጠቃቀም ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄድክ የብረት ባለሙያ አማክር ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ያለህ ጎረቤትህ ቅን ሰው ይሆናል፤ ነገር ግን የመከረህ ብሎን ለቱርቦ አንገት የሚሆን አይደለም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? የሻንሲ ቁጥሬን ይዤ በፋብሪካው የመለዋወጫ ቁጥር ከአዲስ አበባ አዘዝኩ። ራስ የሌላቸው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያላቸው ብሎኖች ከነዳዷቸው መጡ። ዋጋቸው ያስደነግጣል፤ ከስቴንለሱ አምስት እጥፍ ከፍያለሁ። አንዳንድ ፋብሪካ ለዚህ ቦታ ማግኔት የማይስበው ልዩ ሙቀት ቻይ ብረት ያስገባል፤ የአንተ እንዲህ ከሆነ ያንኑ ግዛ፤ ከበረንዳው ስቴንለስ ጋር ግን አታመሳስለው። ዳዶውንም አደራ፤ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለውን አታስገባ፣ በመጀመሪያው ዳገት ይቀልጣል። ዚንክ የተነከረውንም እንዲሁ፤ ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። አፉ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ዳዶ ነው የሚያስፈልግህ። የሞላ ሮንዴላ (ዳዶው እንዳይላላ ከሥሩ የሚገባው የተሰነጠቀ ቀለበት) ደግሞ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሞላነቱ ይጠፋል፤ ትርፍ ነው።

ጥርሱን የመዳብ ቅባት ቀባሁት፤ ሲቀባ ዳዶው ስለሚቀልለው ለደረቅ ጥርስ የተጻፈውን የማጥበቂያ ልክ እንዳለ ከተጠቀምክ ብሎኑን ከመጠን በላይ ትለጥጠዋለህ። ቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቁልፍ፣ ተውሼ ነው ያጠበቅሁት። ከመጀመሪያው የሐረማያ ምልልስ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ሳትነሳ በፊት ገና ቀዝቃዛ እያለች ደግሜ ፈተሽኩ፤ አንዱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ፉጨት የለም።

አንተ ግን ብሎን ከመግዛትህ በፊት ማስመሪያ አምጣና የቱርቦውንና የማኒፎልዱን ፊት በጠርዙ ፈትሽ። በጭስ የተበላ ወይም የጎበጠ ከሆነ የወርቅ ብሎን ብታስገባም ያፈስሳል፤ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል። የድሮውን ብሎን አትጣለው፤ በኪስህ ይዘኸው ሂድ። ባለ ሱቁ «መኪና ልትፈበርክ ነው እንዴ?» ካለህ የትኛው ሱቅ እንደገባህ አውቄዋለሁ፤ ሰላምታዬን ግን እንዳታደርስልኝ።