ወንድሜ ኪኒኑን እየዋጠ ነው ወይስ እየሸወደኝ?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የሳንባ ቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ሳሉ ለቆታል፣ ኪሎም ጨምሯል። የጤና ባለሙያዋ እኔ እንድከታተለው ነግራኝ ነበር፤ ግን ፊቴ ላይ ዋጥ ስለው «ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ሰሞኑን ስቆጥር የ4 ቀን ኪኒን ተርፏል። እሱ ደግሞ «ሽንቴ ቀይ ነው፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ ስለ ሽንቱ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን ነው፣ ከተዋጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቀለሙ ይታያል። ግን የዛሬን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሳምንቱን ሙሉ ትቶት በቀጠሮው ቀን ጠዋት ብቻ የዋጠ ሰውም ሽንቱ ያው ነው። ቆጠራም ይሸወዳል፤ ያልዋጠውን ቆሻሻ ውስጥ ለሚጥል ሰው ሒሳቡ ሁሌ ልክ ይመጣል። ያንቺ ወንድም ግን የ4 ቀኑን እዛው ትቶታል። እኔ ይሄን በደግ ነው የማየው፣ መደበቅ ቢፈልግ ኖሮ አታገኚውም ነበር።

ሦስተኛው ወር ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር በሁለት። ሳሉ ቀድሞ ይጠፋል፣ ባክቴሪያው ግን ገና አልተጠራረገም። በዚህ መሃል የሚያቆራርጥ ሰው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢም የሚመጣው በዚህ በዚህ ነው።

ስለዚህ «ዋጥክ?» የሚለውን ተይው፣ መልሱ መቼም «አዎ» ነው። «የትኛው ቀን ነው የሚከብድህ?» በይው። በባዶ ሆድ ሲውጠው ያቅለሸልሸው ይሆናል፣ ወይ ሥራ ቦታ ሰው እንዳያየው ፈርቶ ይሆናል። ይሄ ደግሞ መላ አለው፤ የሚውጥበትን ሰዓት ከባለሙያዋ ጋር ተነጋግሮ መቀየር ይቻላል። የሚያየው ሰውም የግድ አንቺ መሆን የለብሽም። እህት ስትቆጣጠር ያናድዳል፣ እውነት ለመናገር እኔንም ያናድደኛል፤ የሚያምነው ጓደኛ ካለ እሱ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ ሲውጡ በቪዲዮ ቀርጾ መላክንም ተቀብሎታል።

ያመለጠውን ለማካካስ ግን ደራርቦ እንዳይውጥ። የ4 ቀኑን ነገር እሱ ራሱ ለባለሙያዋ ይንገር፣ የሚቀጥለውን እሷ ታስተካክላለች። የሁለተኛው ወር የአክታ ምርመራ ተሠርቶለት እንደሆነም በዚያው ይጠይቅ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም እይታው ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዕለቱ ውሰጂው።