ከምሳ በኋላ ብንነሳ እንደርሳለን?

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ጫካ የለበሰ ተራራ ልንወጣ ነው። መንገዱ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ሲሆን 900 ሜትር ዳገት አለው። ከግማሽ በኋላ ሰው አይኖርበትም፣ ኔትወርክም የለም። ጓደኛዬ «በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን፣ ከምሳ በኋላ ብንነሳ ይበቃል» ይላል። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ልብዎን ይስሙት። የጓደኛዎ ሒሳብ ለአስፋልት ነው። ተራራ ላይ ጊዜ የሚበላው ዳገቱ ነው። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ 1 ሰዓት። የእናንተው ከ4 ሰዓት ከሩብ በላይ ይመጣል። ይህ እንግዲህ ሳያርፉ ነው። እረፍቱን፣ የዛፍ ሥሩንና የሚያንሸራትተውን ቅጠል ስጨምር እኔ 6 ሰዓት እይዝለታለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ብትነሱ የምትመለሱት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር እግር ሥር ይጨልማል።

ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። ፊታችሁን ወደ ኋላ የምታዞሩበትንም ሰዓት ቤት ሳላችሁ ቁረጡ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ይሁን። ጫፉ እየታያችሁም ቢሆን፣ 6 ሰዓት ከሆነ መመለስ ነው። «ትንሽ እኮ ነው የቀረን» የሚለው ማን እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። መንገዱንና የመመለሻ ሰዓታችሁን ለሚቀር ሰው ንገሩ።

መንገድ በተከፈለ ቁጥር ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩ፣ ፎቶም አንሱት። ስትመለሱ የምታገኙት ያንን ገጽታ ነው፤ ከፊት ያያችሁት ዛፍ ከኋላው ሌላ ዛፍ ይመስላል። ካርታውን ቀድማችሁ ስልክ ላይ ጫኑና ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል። የእጅ ባትሪ ግን ለብቻው ይያዝ። ከጠፋችሁ ባላችሁበት ቆዩ፤ ወንዝ ተከትሎ መውረድ ገደል ላይ ሊያደርስ ይችላል። ፊሽካ ሦስት ጊዜ እየነፉ ጥቂት ማረፍ የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በላብ የራሰ የጥጥ ቲሸርት ቁጭ ሲሉ ያንቀጠቅጣል፤ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። የእግር ጥፍራችሁንም ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ጋር ሲጋጭ ነው ጥፍር የሚጠቁረው።