የሥራ ሰዓት ካላንደር ከመሥራትህ በፊት «አንድ ቀን» ስንት ሰዓት እንደሆነ ወስን

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመው። አርብ 16:00 ላይ የገባ የማጽደቂያ ጥያቄ «በ1 ቀን ይመለስ» ተብሏል። ሲስተሙ ግን ቅዳሜና እሁድን አያውቅም። ቅዳሜ 16:00 ሲሞላ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ለኃላፊው ማስጠንቀቂያ ይልካል። ሦስት ቡድን አላችሁ። ሁለቱ ከሰኞ እስከ አርብ ከ9:00 እስከ 17:00 ይሠራሉ፤ ሦስተኛው የሌሊት ፈረቃ ነው። «ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን ካላንደር ልሥራ ወይስ አንድ ይበቃል?» ነው ያልከው። (ሰዓቱን በሙሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሶፍትዌሮቹም የሚቀበሉት እንደዚያ ነው።)

እንዲህ ያሉ ሲስተሞችን ሳዋቅር፣ ሌሎች ያዋቀሩትንም ሳቃና ቆይቻለሁ። ከልምዴ የምነግርህ የካላንደሩ ብዛት ቀላሉ ጥያቄ መሆኑን ነው። ከባዱ «በ1 ቀን» ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ነው። 24 ሰዓት ነው? ወይስ አንድ የሥራ ቀን? የሥራ ቀን ከሆነስ ስንት ሰዓት? ይህ ሳይወሰን የካላንደሩን ገጽ መክፈት ትርፉ ድካም ነው።

ለምን እንደሆነ ላሳይህ። ብዙ ሶፍትዌሮች ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። አንደኛው ካላንደሩ ነው፤ ጊዜው መቼ እንደሚቆጠር፣ መቼ እንደሚቆም ይናገራል። ሁለተኛው «1 ቀን» ወደ ስንት ሰዓት እንደሚመነዘር የሚናገር ሴቲንግ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም። የሥራ ዕቅድ ማውጫውን ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትን ውሰድ። «ስታንዳርድ» የሚባለው ካላንደሩ ከ8:00 እስከ 12:00፣ ከዚያ ከ13:00 እስከ 17:00 ነው። መመንዘሪያው ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በወር 20 ቀን ይላል። ካላንደሩን በቀን 6 ሰዓት ብታደርገው መመንዘሪያው አብሮ አይቀየርም። «2 ቀን» ብለህ የጻፍከው ሥራ 16 ሰዓት እንደሆነ ይቀጥላል። በ6 ሰዓት ቀን ደግሞ 16 ሰዓት ሦስተኛው ቀን ውስጥ ይገባል። ያኔ ሰው ሁሉ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ጄቢፒኤም (የሥራ ሂደትን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሥራ ካላንደሩ የሚጻፈው በአንድ የፕሮፐርቲስ ፋይል (የሴቲንግ መጻፊያ ፋይል) ውስጥ ነው። መግቢያ ሰዓት፣ መውጫ ሰዓት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን፤ ሁሉም የየራሳቸው መስመር አላቸው። ዲፎልቱ (ካልነካኸው የሚሠራበት) ከ9 እስከ 17፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። መውጫውን ወደ 15 አውርደህ የሰዓቱን ብዛት 8 ላይ ከተውከው ሂሳቡ አይገጥምልህም።

ስለዚህ የጊዜ ገደብህን በሰዓት ጻፍ። «1 ቀን» አትበል፤ «8 የሥራ ሰዓት» በል። እዚህ ላይ ግትር ነኝ። የቢፒኤምኤን (የሥራ ሂደት በሥዕል የሚገለጽበት ደንብ) ታይመር የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ። እዚያ ቆይታ የሚጻፈው በአይኤስኦ 8601፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ደንብ ነው። «ፒ2ዲ» (P2D) ማለት ሁለት ቀን ነው፤ ሌሊቱም ቅዳሜውም ይቆጠራል። «ፒቲ16ኤች» (PT16H) ማለት 16 ሰዓት ነው። የሥራ ካላንደር ያልተሰጠው ሞተር (ሂደቱን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ሁለቱንም ያለ እረፍት ይቆጥራል። የአርቡ ጥያቄህ ቅዳሜ የጮኸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላም ሊሆን ይችላል። ካላንደር መፍጠር ብቻውን ምንም አይለውጥም፤ ከታይመሩ ወይም ከኤስኤልኤው (በዚህ ጊዜ ውስጥ እንመልሳለን ከሚለው ስምምነት) ጋር መያያዝ አለበት። ለምሳሌ ጂራ ሰርቪስ ማኔጅመንት (የአገልግሎት ጥያቄ መከታተያ ሶፍትዌር) ላይ ዲፎልቱ በሳምንት 7 ቀን፣ በቀን 24 ሰዓት የሚቆጥር ካላንደር ነው። አዲስ ሠርተህ በኤስኤልኤው የጊዜ ግብ ላይ ካልመረጥከው በአሮጌው ይቀጥላል። ቆንጆ ካላንደር ተሠርቶ ማንም ሳይጠቀምበት የተቀመጠበትን ሲስተም ደጋግሜ አይቻለሁ።

የምሳ ሰዓትንም አስብበት። ከ9:00 እስከ 17:00 ብለህ ከ12:00 እስከ 13:00 ብታወጣ ቀኑ 7 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። «8 የሥራ ሰዓት» የሚለው ገደብ በቀጥታ ወደ ማግስቱ ይሻገራል። እኔ ለምላሽ ጊዜ በሚሠራ ካላንደር ውስጥ ምሳን አላስገባም። ሰው ለምሳ ሲወጣ ሌላው ይተካዋል፤ ደንበኛውም ስለ ምሳችሁ ግድ የለውም። የሰው ሥራ ለማቀድ ከሆነ ግን ምሳው መውጣት አለበት፤ አለዚያ በየቀኑ አንድ የሌለ ሰዓት ታቅዳለህ።

አሁን ወደ ብዛቱ። ካላንደርን በቡድን አትቁጠር፤ በሰዓት አወቃቀር ቁጠር። ሁለቱ ቡድኖችህ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ታይም ዞናቸውም አንድ ከሆነ አንድ ካላንደር ይበቃቸዋል። ለሌሊቱ ሌላ ትሠራለህ። በዓላትን ግን በሁለቱም ውስጥ እየገለበጥክ አትጻፍ። እንደ ሰርቪስናውና ሴልስፎርስ ያሉ የአገልግሎትና የደንበኛ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች በዓላትን ለብቻ አዘጋጅተህ ከካላንደሩ ጋር እንድታያይዝ ይፈቅዳሉ። አንድ የበዓል ዝርዝር ይኑርህ፤ ሁለቱ ካላንደሮች ከእሱ ያንብቡ። ዝርዝሩ በየካላንደሩ ከተበተነ አንዱ መዘንጋቱ አይቀርም። ስሙንም «ካላንደር 2» አትበለው። «ሰኞ–አርብ 9–17» ብትለው ከዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው ሳይከፍተው ይገባዋል።

የሌሊት ፈረቃው ትንሽ ያስቸግርሃል። ብዙ ሲስተሞች ከ22:00 እስከ 6:00 ብለህ ስትጽፍ «መውጫው ከመግቢያው ይቀድማል» ብለው አይቀበሉም። ለሁለት ክፈለው፤ ከ22:00 እስከ 24:00፣ ከዚያ በማግስቱ ከ0:00 እስከ 6:00። 24:00 አልቀበልም ብሎ 23:59 የሚያስጽፍ ካጋጠመህ በየሌሊቱ አንድ ደቂቃ ትጠፋለች። ብዙ ጉዳት የለውም፤ ሪፖርት ላይ ግን 7 ሰዓት ከ59 ደቂቃ የሚል ቁጥር ስታይ እንዳትደነግጥ። የአርብ ሌሊት ፈረቃ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚያልቅም አትርሳ። ቅዳሜን በጅምላ እረፍት ካደረግከው ከፈረቃው አብዛኛውን ቆረጥከው ማለት ነው።

የእረፍት ቀናት በቁጥር የሚሰጡ ከሆነ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር እይ። ጄቢፒኤም እንደ ጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው የድሮ ካላንደር እሁድን 1፣ ቅዳሜን 7 ይላል። በአይኤስኦ 1 ሰኞ ነው፣ 7 እሁድ። በጃቫስክሪፕት እሁድ 0 ነው። «1፣7» የሚለውን ከአንዱ ወደ ሌላው ብትገለብጥ ሰኞን እረፍት አድርገህ ቅዳሜን ታሠራለህ። የእረፍት ቀን በኮድ ውስጥ መቀበርም የለበትም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2022 መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥቱን እረፍት ከአርብና ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና እሁድ አዛውራ አርብን ግማሽ ቀን አድርጋለች። የእረፍት ቀኑን ሴቲንግ ላይ ላስቀመጠ ሰው ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

ታይም ዞን ላይ ደግሞ የከተማውን ስም ምረጥ እንጂ «ዩቲሲ+1» (ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት 1 ሰዓት የቀደመ) ብለህ አትቸንክረው። አውሮፓ በዓመት ሁለቴ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የሚቀይረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁዶች ነው። አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ። በመሀል ባሉት ሳምንታት በበርሊንና በኒውዮርክ መካከል ያለው ልዩነት ከ6 ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል። ስም ከመረጥክ ሲስተሙ ራሱ ይከታተለዋል። የማንን ዞን ልውሰድ ካልክ ሥራውን የሚሠራውን ቡድን ውሰድ፤ የጠያቂውን አይደለም።

ሥራው ከቀኑ ቡድን ወደ ሌሊቱ ሲተላለፍ የትኛው ካላንደር ይቁጠር? አንድ ረጅም ታይመር ከላይ እስከ ታች አታስኪድ። ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ታይመር ስጥ፤ በእጁ የያዘው ቡድን ካላንደር ይቁጠርለት። ለኃላፊው የሚሄደው ማስጠንቀቂያም በኃላፊው የሥራ ሰዓት ይሁን።

ከመልቀቅህ በፊት መልሱን መጀመሪያ በወረቀት አስላ፣ ከዚያ ሲስተሙን ጠይቀው። በ9–17 ካላንደር አርብ 16:00 የገባ የ8 ሰዓት ጥያቄ ሰኞ 16:00 ማለቅ አለበት። ቅዳሜ 11:00 የገባው ሰኞ 17:00 ያልቃል፤ አንዳንዱ ሲስተም ግን ማክሰኞ 9:00 ይልሃል። ይህ ስህተት ሳይሆን የድንበር አያያዝ ጉዳይ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እወቅና ለቡድኑ ንገር። የበዓል ዋዜማንም ሞክር።

አሁን ክፍት ያሉት ጥያቄዎች ካላንደሩን ስትቀይር አብረው ይስተካከላሉ ብለህ አትጠብቅ። ብዙ ሞተሮች ታይመሩ ሲፈጠር ማብቂያውን አስልተው ያስቀምጡታል፤ በኋላ የጨመርከው በዓል አይነካውም። ስለዚህ የዓመቱን በዓላት አስቀድመህ አስገባ፣ ክፍት ያሉትን ታይመሮች ደግሞ እንደገና አስጀምር ወይም በእጅ አስተካክል። ይህን ሐሙስ ብታደርገው አርብን ሙሉ ታየዋለህ።