አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ የሚወድቀው የልምምድ አውሮፕላን

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ ከተማ ነው። ጠያቂው ከ12 ዓመት ልጃቸው ጋር በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ለመለማመድ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ሜትር የሆነ ያገለገለ የፎም አውሮፕላን ገዝተዋል። ሦስት ጊዜ በእጅ ወርውረው አስነሥተውት፣ ሦስቱንም ጊዜ አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ፣ አየር ላይ ለቅጽበት ቆም ካለ በኋላ በግራ ክንፉ በኩል ተዘርጥጦ ወድቋል። ሻጩ «ሞተሩ ጉልበት አንሶት ነው፤ ትልቅ ባትሪ ይግጠሙለት» ስላላቸው 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት የነበረውን ባትሪ በ3000 ለውጠዋል፤ አዲሱ ባትሪ ከፊት አልገባ ስላለም ወደ ኋላ ገፍተው ከክንፉ ሥር አስቀምጠውታል። አሁን የሚጠይቁት ሞተሩን ይለውጡ እንደሆነ ነው።

ሞተሩን አይንኩት። ጉልበት ያነሰው ሞተር ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ከእጅዎ እንደወጣ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይወርድ ነበር እንጂ አፍንጫውን አያነሣም። የእኔ ጥርጣሬ የኋላ ክብደት ነው፤ ጥርጣሬዬን ያጠናከረውም የላኩልኝ ፎቶግራፍ ነው። የጭራው ሥር ተሰብሮ በትኩስ ሙጫ ተጣብቋል፤ የአውራ ጣት ያህል የወፈረ ቢጫ የሙጫ ጉብታ ይታያል፣ በላዩም እንጨት ተደርቦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። እንዲህ ያለውን ጥገና ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ የጠገነው ሰው ስብራቱን ብቻ እንጂ የሚጨምረውን ክብደት አላሰበም።

ሚዛኑን በደንብ ቢረዱት ከብዙ ውድቀት ስለሚድኑ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ድንጋይ በዲጂኖ የፈነቀለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክንዱ በረዘመ ቁጥር ትንሽ ጉልበት ትልቅ ክብደት ያነሣል። የእርስዎ አውሮፕላን ጭራ ከሚዛኑ ነጥብ 70 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ አፍንጫው ግን የሚርቀው 20 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጭራው ላይ የተጨመረ 25 ግራም ሙጫና እንጨት ለማካካስ አፍንጫው ላይ 88 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ትክክል በሆነ አውሮፕላን ላይ ክብደቱ ከክንፉ የማንሣት ኃይል ቀደም ብሎ ይቀመጣል፤ የጭራው አግድም ክንፍ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ታች እየተጫነ አፍንጫውን ደግፎ ይይዛል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጭራው የሚጫንበት ኃይልም ስለሚቀንስ አፍንጫው በራሱ ጎንበስ ይላል፤ ሲያጎነብስ ፍጥነት ያገኛል፣ ፍጥነት ሲያገኝም ቀና ይላል። ይህ ራሱን የማረም ጠባዩ ነው ለጀማሪ ጊዜ የሚሰጠው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ ግን ጠባዩ ይገለበጣል፤ አፍንጫው ጥቂት ቀና ካለ ይበልጥ ቀና ይላል፣ ፍጥነቱ ያልቃል፣ ክንፉም አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ፣ የሞተሩ የማዞር ኃይል በአጸፋው አውሮፕላኑን ወደ ግራ ስለሚያዘነብለው በዚያች ቅጽበት ቀድሞ የሚወድቀው የግራው ክንፍ ነው። ሦስቱም ጊዜ በግራ በኩል የወደቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የከተማዎ ከፍታም ችግሩን ያባብሰዋል። ኦሮራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ላይ ስላለች፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑም ላለመውደቅ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ፕሮፔለሩን ይንቀሉ። ይህን የምለው የቀኝ አመልካች ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ጠረጴዛ ላይ በተደረገ «የአንድ ደቂቃ ሙከራ» የመጣ ስለሆነ ነው። ከዚያ እንጨቱን አንሥተው በሙጫው ዙሪያ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ ያድርጉበት፤ ሙጫው ፎሙን ሳይቀድድ ይላቀቃል። ስብራቱን ለፎም በተሠራ ሙጫ፣ ስስ አድርገው እንደገና ያጣብቁ፤ ተራው ሱፐር ግሉ አንዳንዱን ፎም ስለሚበላ አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ባትሪውንም ወደ 2200 ይመልሱና ከፊተኛው ክፍል ያስገቡት።

ሚዛኑን ሲለኩ ብቻ ፕሮፔለሩ በቦታው ይመለሳል፣ እሱም ክብደት አለውና። ባትሪውም በቦታው ይቀመጣል እንጂ ሽቦው አይሰካም። የክንፉ ስፋት ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ 20 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከፊት ጠርዙ 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ለክተው በግራና በቀኝ ምልክት ያድርጉ፣ በሁለት ጣትዎም ከሥር ደግፈው ያንሡት። አግድም ሆኖ ወይም አፍንጫው በጥቂቱ ጎንበስ ብሎ መቆም አለበት። በጭራው ከተቀመጠ አፍንጫው ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት ይጨምሩ። ከዚያ ፕሮፔለሩን መልሰው ነቅለው ሪሞቱን ይክፈቱ፣ ባትሪውን ይሰኩና የጭራው ማዘዣ (በአግድሙ ክንፍ ጠርዝ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው ክፍል) ቀጥ ብሎ መቆሙን ይመልከቱ። ማዘዣውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮ የሚባለው፣ ርካሽ ከሆነ የፕላስቲክ ጥርስ ስላለው ከውድቀት በኋላ አንድ ጥርስ ይጎድልና ማዘዣውን ወደ ላይ እንዳዘነበለ ያስቀረዋል፤ በእጅዎ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይለውጡት። በርካሽ የሚሸጡትን ባትሪዎችም የተጻፈባቸውን ቁጥር አይመኑ፤ ከተሞላ በኋላ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ማሳየቱን ለክተው ያረጋግጡ፣ በሴል ወደ 3.5 ቮልት ሳይወርድም አውሮፕላኑን ያሳርፉ።

ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ሪሞቱ ቀድሞ ይከፈት፣ ባትሪው ኋላ ይሰካ፤ ሲጨርሱ ባትሪው ቀድሞ ይነቀል። ልጅዎ አውሮፕላኑን ይዞ ሳለ ባትሪ አይሰኩ፣ እጁም ከፕሮፔለሩ ኋላ ይሁን። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይውጡ፣ ሽቅብ ሳይሆን አግድም ይወርውሩት፣ 30 ሜትር ያህል ከፍታ እስኪደርስ ሰፊ ዙር እንጂ ጠባብ መታጠፍ አይሞክሩ። ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ ስለሚምታታ፣ ልጅዎ የሪሞቱን ማንሻ ዝቅ ወዳለው ክንፍ አቅጣጫ እንዲገፋ ያስለምዱት፤ ክንፉ ይነሣለታል። አውሮፕላኑ ከ250 ግራም በላይ ስለሚመዝን በአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ልጅዎ 13 ዓመት ስላልሞላው በእርስዎ ስም ይመዝገብ።

እርሳሱን ከጨመሩ በኋላም አፍንጫው ሽቅብ የሚነሣ ከሆነ፣ ፕሮፔለሩን ነቅለው የሞተሩን መቀመጫ ከጎን በኩል ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩልኝ።